በኮንዶሚኒየም ሳሎን ጨለማ መሥራት

ፎቶዎቼን ያዩ ሰዎች ኢንቦክስ የሚልኩልኝ ጥያቄ በብዛት አንድ ዓይነት ነው። "ያ ጥቁር ጥቁር ያለው ፖርትሬት በስንት መብራት ነው የተነሳው?" ባንድ። "ስቱዲዮህ የት ነው?" ሳሎኔ፣ ሶፋውን ወደ ጥግ ገፍቼ። እዚህ ጋ ግማሹ አያምነኝም፣ ግማሹ ደሞ "እሺ ላይትሩም (ፎቶ ማስተካከያው ፕሮግራም) ላይ ምን አድርገህበት ነው ታዲያ" ብሎ ሌላ ጥያቄ ይጀምራል። ለእያንዳንዱ በቮይስ ማስረዳት ስለደከመኝ አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈውና ከዚህ በኋላ ሊንኩን እየላክሁ ልገላገል።

መጀመሪያ ስለምን እንደማወራ እንግባባ። ለጉርድ ፎቶ ፎቶ ቤት ስትገቡ በግራና በቀኝ ሁለት ጃንጥላ ተተክሏል፣ ከኋላ ነጭ ግድግዳ ነው፣ ፊታችሁ ላይ አንዲት ጥላ የለችም፣ ሁለቱም ጆሮ ይታያል፣ ፓስፖርት ክፍል ይቀበለዋል፣ አለቀ። እኔ የማወራው የዚህን ግልባጭ ነው፣ የፍሬሙ አብዛኛው ክፍል ጨለማ ሆኖ ብርሃኑ አንድ ጉንጭ፣ አንድ ዓይን፣ ቢበዛ የእጅ ጣቶች ላይ አርፎ የሚቀርበት ፎቶ፣ ልጆቹ "ሙዲ" የሚሉት። ጣሊያናዊው ካራቫጆ (1571–1610) እና ሆላንዳዊው ሬምብራንት (1606–1669) ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ ሳይኖር በብሩሽ ሠርተውታል፣ ዛሬም በጥላው በኩል ካለው ዓይን ሥር ትንሽ ሦስት ማዕዘን ብርሃን የምትቀርበትን አበራር ፎቶ አንሺዎች ሬምብራንት ላይት ነው የሚሉት። አንድ የምወዳት የድሮ ሆሊዉድ ወሬ አለች፣ በ1915 አካባቢ ነው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ ሴሲል ቢ. ዴሚል የሚባለው ዳይሬክተር የተዋናዩን ግማሽ ፊት ጨለማ አድርጎ ቀረጸና "የሰውየው ግማሽ ብቻ ከታየ ሲኒማ ቤቶቹ ግማሽ ዋጋ ነው የሚከፍሉን" ተብሎ ስሞታ መጣበት፣ እሱም "ይሄ እኮ ሬምብራንት ላይቲንግ ነው" አላቸው፣ ከዛ ጭራሽ በውድ ተሸጠ ይባላል። ደንበኛ "ምነው ጨለመ" ሲላችሁ ይቺን አስታውሷት።

አሁን ወደ ነገሩ። የዚህ ፎቶ ዋና ዕቃ መብራቱ አይደለም፣ ክፍተቱ ነው። ማለቴ መብራቱ ከሰውየው ምን ያህል ይርቃል፣ ሰውየው ከግድግዳው ምን ያህል ይርቃል፣ ከመብራቱ የወጣው ብርሃንስ ሰውየውን ካለፈ በኋላ ወዴት ሄዶ ምን ላይ ተጋጭቶ ይመለሳል፣ በቃ እነዚህ ናቸው። ጨርቅና ካርቶን ይሄን ሥራ ከሁለተኛ ፍላሽ በላይ ይሠራዋል፣ ሰው ግን መጀመሪያ የሚገዛው ሁለተኛ ፍላሽ ነው።

ካሜራውን ማኑዋል ላይ አድርጉት። ኦቶ ላይ ከተዋችሁት ካሜራው የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ፣ ያቺ 18 ፐርሰንት የምትባለዋ ግራጫ፣ ማምጣት ስለሚፈልግ ጥቁር ክፍል ሲያይ "ቤቱ ጨልሟል" ብሎ ያበራዋል፣ ጥቁሩ ጨርቅ አመድ ይመስላል፣ የሰውየው ፊት ይቃጠላል። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 100፣ ሻተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/200 ሰከንድ፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ፣ ቁጥሩ ሲጨምር ይጠባል) ኤፍ 8 አድርጉና ፍላሹን ሳታበሩ አንድ ፎቶ አንሱ። ድቅድቅ ጥቁር መሆን አለበት። መስኮቱ ወይ የሳሎኑ አምፖል ትንሽ እንኳን የሚታይ ከሆነ መጋረጃ ዝጉ፣ አምፖሉን አጥፉ፣ ወይ አፐርቸሩን ወደ ኤፍ 11 ውሰዱት። ይቺን ጥቁር ፎቶ ሳያነሱ የሚጀምሩ ሰዎች ናቸው በኋላ "ጥላው ለምን ቢጫ ሆነ" ብለው የሚቸገሩት፣ የሳሎኑ አምፖል እኮ ገብቶ ነው። ሻተሩ ፍላሹን አይነካውም ምክንያቱም ፍላሹ ብልጭ ብሎ የሚጠፋው ከሻተሩ በብዙ ፍጥነት ነው፣ ሻተሩ የሚቆጣጠረው የክፍሉን ብርሃን ብቻ ነው፣ የፍላሹን ብርሃን የሚቆጣጠሩት አፐርቸሩና የፍላሹ ፓወር ናቸው። ሻተሩን ደሞ ካሜራችሁ ከፍላሽ ጋር ከሚፈቅደው የመጨረሻ ፍጥነት (ሲንክ ስፒድ)፣ አብዛኛው ላይ 1/200 ወይ 1/250 ነው፣ አታሳልፉት፣ ካለፈ ፎቶው ላይ ጥቁር መስመር ይጋረዳል።

ከዛ ርቀት። ትምህርት ቤት ፊዚክስ ላይ የተማርነው ነገር አለ አይደል፣ ከብርሃኑ ያለን ርቀት እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ግማሽ ሳይሆን ሩብ ነው የሚሆነው፣ ሦስት እጥፍ ሲሆን ዘጠነኛ። ያኔ ለፈተና ነበር የያዝነው፣ እዚህ ግን ሙሉ ፎቶው የቆመው በሱ ነው። ሰውየው ከግድግዳው 1.2 ሜትር ወደፊት ተቀምጧል እንበል። መብራቱን ከፊቱ 60 ሴንቲሜትር ላይ ብታደርጉት ግድግዳው ከመብራቱ 1.8 ሜትር ራቀ ማለት ነው፣ ሦስት እጥፍ፣ ስለዚ ግድግዳው ፊቱ ከሚያገኘው ብርሃን አንድ ዘጠነኛውን ብቻ ያገኛል፣ ከሦስት ስቶፕ በላይ ጨለመ (አንድ ስቶፕ ጨለመ ማለት ብርሃኑ በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው)፣ ነጭ ግድግዳ እንኳን ቢሆን ጠቆር ያለ ግራጫ ሆኖ ይወጣል። አሁን ሰውየውን ሳታንቀሳቅሱ መብራቱን ብቻ ወደኋላ ጎትታችሁ 1.8 ሜትር ላይ አድርጉት፣ ግድግዳው 3 ሜትር ይሆናል፣ የፊቱን ብርሃን ከሲሶ በላይ ያገኛል፣ ልዩነቱ አንድ ስቶፕ ተኩል ገደማ ብቻ ነው፣ ግድግዳው ተመልሶ መጣ። ያው ክፍል፣ ያው ፍላሽ፣ ያው ሰው። ስለዚ አዲስ ጀማሪ "ባክግራውንዱ አልጨልም አለኝ" ሲለኝ መልሴ ሁሌ አንድ ነው፣ መብራቱን አስጠጋ፣ ፓወሩን ቀንስ። ፍሬሙ ውስጥ ሊገባ ትንሽ እስኪቀረው ድረስ አስጠጋ።

ማስጠጋቱ ሌላም ጥቅም አለው፣ መብራት ለስላሳ የሚሆነው ከሰውየው አንጻር ሲተልቅ ነው፣ ያው ሶፍትቦክስ (ፍላሹ ላይ የሚገጠመው ብርሃን የሚያለሰልስ ነጭ ጨርቅ ያለው ሳጥን) ሲጠጋ ትልቅ ነው ሲርቅ ትንሽ ነው። ሶፍትቦክስ ከሌላችሁ አቡጀዲ ግዙ። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የእንጨት ፍሬም አናጢ ጋ አሠርታችሁ አቡጀዲውን ወጥራችሁ በስቴፕለር ምቱት፣ ፍላሹን ከጀርባው ግማሽ ሜትር ያህል አርቃችሁ አብሩ፣ ውጤቱን ከውድ ሶፍትቦክስ ለመለየት ዓይነ ስል መሆን ይጠይቃል። ነጠላም ይሆናል፣ ሳስ ስለሚል ሁለት እጥፍ አድርጉት፣ ጥበቡን ግን ወደዳር አውጡት ባለቀለም ብርሃን እንዳይሰጣችሁ። የእናታችሁን ነጠላ ስትወስዱ አስፈቅዱ፣ ይሄን ማብራራት ያለብኝ አይመስለኝም።

ለባክግራውንድ ጥቁር ከፋይ። መርካቶ ጨርቅ ተራ ስትሄዱ ሻጩ ርካሹን የሚያብለጨልጭ ጥቁር ፖሊስተር ሊያስይዛችሁ ይችላል፣ "ያው ጥቁር ነው" ይላል፣ ያው አይደለም። የሚያብለጨልጭ ጨርቅ እያንዳንዱ እጥፋት ላይ ብርሃን ይዞ ነጭ ነጭ መስመር ያወጣል፣ ከፋይ ግን ጸጉራም ስለሆነ ብርሃኑን ውጦ ያስቀረዋል፣ ተኮማትሮ እንኳን ቢሰቀል አይታወቅበትም። ጨርቁን የስልካችሁን ቶርች ከጎን አብርታችሁ ሞክሩት፣ ሻጩ ቢስቅባችሁም። ቢተርፍም አራት ሜትር ግዙ እንጂ ሁለት አትግዙ፣ ግማሹ ለባክግራውንድ፣ ግማሹ ለምን እንደሆነ አሁን እነግራችኋለሁ።

የኮንዶሚኒየም ሳሎን ትልቁ ጠላት ነጭ ቀለም ነው። ግድግዳው ነጭ፣ ኮርኒሱ ነጭ፣ ጠባብ ከመሆኑ የተነሳ ደሞ ሁሉም ቅርብ ነው። ፍላሹን ከግራ ታበሩታላችሁ፣ ብርሃኑ ሰውየውን አልፎ የቀኙ ግድግዳ ላይ ይመታና ተመልሶ በጥላ መሆን ያለበትን ጉንጭ ያበራላችኋል፣ ሳትፈልጉት ሁለተኛ መብራት ገባ ማለት ነው። ብዙ ሰው "ጥላዬ ለምን አልጠቆረም" ብሎ ኤዲት ላይ በስላይደር ሲጎትት የሚውለው ይሄን ነው፣ ጎትቶ ደሞ የሚያገኘው የቆሸሸ ግራጫ ነው። የቀረውን ከፋይ ከሰውየው በቀኝ በኩል፣ ካሜራው እንዳያየው ብቻ ተጠንቅቃችሁ፣ ከፊቱ ክንድ ያህል ርቀት ላይ ስቀሉት። የልብስ ማስጫ ብረት ላይ ጣል አድርጉት፣ በር ላይ ስቀሉት፣ የቤተሰብ አባል ካለም ያዝ በሉት። ሲጠጋ ጥላው ይጠቁራል፣ ሲርቅ ይሳሳል፣ እንደፈለጋችሁ። ኮርኒሱ ላይ የሚሄደውን ብርሃን ለማስቀረት ከመብራቱ በላይ ጥቁር ካርቶን እንደ ቆብ በፕላስተር ለጥፉበት። የጥቁር መጠጫ ስትሮ እሽግ ገዝታችሁ ቆራርጣችሁ ጎን ለጎን አጣብቃችሁ ፍላሹ አፍ ላይ ብታስሩትም ብርሃኑ ቀጥ ብሎ ብቻ ይሄዳል፣ ወደጎን አይበተንም፣ ፈረንጆቹ በብዙ ብር የሚሸጡት ግሪድ ማለት ይኸው ነው።

ፍላሽ ለሌለው ሰው። ፓውዛ አለ፣ ግንባታ ቦታ የምናየው፣ የድሮው ሃሎጅን ግን በጣም ስለሚግል ጨርቅ አጠገቡ እንዳታደርጉ፣ እሳት ነው። የኤልኢዲው ፓውዛ ይሻላል፣ እሱ ደሞ ሌላ ጣጣ አለው፣ የኛ ሀገር መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ርካሽ ኤልኢዲ በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ዓይን አያየውም ካሜራ ግን ያየዋል፣ ፎቶው ላይ አግድም ጥቁር ነጭ ጥቁር ነጭ መስመር ይወጣል። ሻተራችሁን 1/50 ወይ 1/100 ላይ ካደረጋችሁት ይጠፋል። ቀለሙ ላይም ተጠንቀቁ፣ ርካሹ ኤልኢዲ ቆዳን አረንጓዴ ቢጤ ያስመስላል፣ ኋይት ባላንሱን (ነጭ ነገር ነጭ ሆኖ እንዲወጣ የሚያደርገውን ማስተካከያ) በነጭ ወረቀት በእጃችሁ አስተካክሉ፣ ካልሆነም ጥቁርና ነጭ አድርጉት፣ ይሄ ዓይነት ፎቶ ጥቁርና ነጭ ያምርበታል። በባትሪ የሚሠራ ፍላሽ ያለው ሰው ግን አንድ የማይነገርለት ጥቅም አለው፣ መብራት ሲጠፋ ሥራው አይቆምም፣ እንዲያውም ሰፈሩ ሲጨልም ያቺ ጥቁር የሙከራ ፎቶ በነጻ ትመጣለች።

መብራቱን የት እንደምታስቀምጡ። አብዛኛው ስፒድላይት (ካሜራ አናት ላይ የሚሰካው ትንሹ ፍላሽ) ቀድሞ የሚያሳይ አምፖል ስለሌለው ተነስቶ እስኪታይ ጥላው የት እንደሚወድቅ አታውቁም፣ ስለዚ የስልካችሁን ቶርች አብርታችሁ ፍላሹ ይሆናል ባላችሁት ቦታ ያዙትና በሰውየው ፊት ዙሪያ ቀስ እያላችሁ አንቀሳቅሱት። የአፍንጫውን ጥላ ብቻ ተከተሉ። ከፊት ለፊት ስትጀምሩ ጥላው አፍንጫ ሥር ነው፣ ወደጎን ስትሄዱ ይረዝማል፣ ወደ 45 ዲግሪ አካባቢ ከጉንጩ ጥላ ጋር ይገናኝና ያቺ ሦስት ማዕዘን ትወጣለች። እዛ ላይ ፍላሹን ትከሉ። ከዛ አልፋችሁ 90 ከደረሳችሁ ፊቱ ለሁለት ይከፈላል፣ እሱም አንዳንድ ሰው ላይ ያምራል፣ ኮስተር ያለ ፊት ላይ በተለይ። ከፍታው ከዓይን ትንሽ ከፍ ይበል ግን አታብዙት፣ ዓይናችን ጥቁር ቡናማ ነው፣ ውስጡ የመብራቱ ነጸብራቅ ካልገባ ሁለት ጉድጓድ ሆኖ ነው የሚቀረው። ዓይኑ ውስጥ ብልጭታው ከሌለ ሌላው ሁሉ ቢያምርም ፎቶውን እጥለዋለሁ።

አሁን ስለቆዳ፣ ይሄ ነው ረጅሙ። ዩቲዩብ ላይ ያለው አብዛኛው ትምህርት የነጭ ሰው ፊት ላይ የተሠራ ነው፣ ድሮ በፊልም ጊዜ ራሱ ኮዳክ ለላቦራቶሪዎች ቀለም ማስተካከያ የሚልከው ካርድ ላይ የነበረችው ነጭ ሴት ናት፣ ሸርሊ ካርድ ይባል ነበር። ስለዚ "የጠይም ሰው ፊት ስታነሳ ብርሃን ጨምር" የሚል ምክር ትሰማላችሁ። ብትጨምሩ የምታገኙት የነጣ፣ ጠይምነቱ የተገፈፈ ፊት ነው። ሊስትሮ ጥሩ አድርጎ የጠረገውን ጥቁር ጫማ አስቡት፣ የጫማውን ቅርጽ የሚነግራችሁ ቆዳው ስለበራ ሳይሆን ላዩ ላይ የምትሄደው የብርሃን መስመር ናት። ፊትም እንደዛ ነው። ጠቆር ያለ ቆዳ ከውስጡ የሚመልሰው ብርሃን ትንሽ ነው፣ ከላዩ የሚያንጸባርቀው ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ስለዚ ጥያቄው ምን ያህል ብርሃን ሳይሆን ያ ነጸብራቅ ጉንጩ ላይ የት ይውጣ፣ ምን ያህል ይስፋ የሚለው ነው። ትልቅ መብራት ቅርብ ሲሆን ነጸብራቁ ሰፍቶና ለስልሶ ከግንባር እስከ አገጭ ይሄዳል፣ ትንሽ መብራት ሩቅ ሲሆን ግንባር ላይ ነጭ ነጥብ ሆኖ ላብ ይመስላል። መብራቱን ከፊት ለፊት ይልቅ ወደጎን፣ አንዳንዴም ከጎን አልፎ ትንሽ ከኋላ ስታደርጉት የጉንጭና የመንገጭላ አጥንት ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ሜካፕ አርቲስት ካለች ፓውደሩን እንዳታበዛው ንገሯት፣ እኔ እንዲያውም አንዳንዴ ትንሽ ቫዝሊን ጉንጭ ላይ አስቀባለሁ፣ መጀመሪያ ሲሰሙ ይስቃሉ ፎቶውን ሲያዩ ግን ዝም ይላሉ። ይሄን ነገር በደንብ ማየት የሚፈልግ የኒውዮርክ ሃርለሙን ፎቶ አንሺ የሮይ ደካራቫን (1919–2009) ሥራዎች ፈልጎ ይይ፣ ጥቁር ሰው ጨለማ ውስጥ አንስቶ ለማብራት ሳይጨነቅ ከጥቁር ወደ ጥቁር ባሉ ቶኖች ብቻ ያትም ነበር።

የነጭ ልብስ ነገር ደሞ የኛ ሀገር የብቻ ፈተና ነው። ጎረቤታችን ያሉ አንድ አባት አሉ፣ ሽበታቸውና ፊታቸው ለእንደዚህ ዓይነት ፎቶ የተፈጠረ ነው፣ ለምኜ አስቀመጥኳቸው፣ ጋቢያቸውን ለብሰው መጡ። ፊታቸው በልኩ ሲበራ ጋቢው ይቃጠላል፣ ጋቢው ልክ ሲሆን ፊታቸው ይጠፋል። "አባባ ጋቢውን ዝቅ ቢያደርጉት" ስላቸው "ያለ ጋቢ ምን ሰው ነኝ ልጄ" አሉኝ፣ እውነታቸውን ነው፣ ጋቢው መቅረት የለበትም። መፍትሔው መብራቱን ወደ ጋቢው እንዳይደርስ ማድረግ ነው፣ መብራቱን ከፍ አድርጌ አፉን ወደ ላይና ከፊታቸው ፊት ወዳለው አየር አዞርኩት፣ ፊታቸውን የሚነካው የብርሃኑ ጠርዝ ብቻ ሆነ፣ ከመብራቱ ሥር ደሞ አንድ የካርቶን ክዳን በስታንዱ ላይ አሰርኩና ጥላው ከትከሻቸው በታች ወደቀ። ጋቢው ከጨለማው ውስጥ በግድ የሚታይ ሽመና ሆነ፣ ፊታቸው ከላይ ቀረ። በተቃራኒው ነጠላ የተከናነበች ሴት ስታነሱ ነጠላው በጥላው በኩል ፊቷ ላይ ብርሃን ይመልሳል፣ እሱን ከፈለጋችሁት በነጻ የመጣ ሪፍሌክተር ነው፣ ካልፈለጋችሁት በዛ በኩል ያለውን ጠርዝ ወደኋላ አድርጉት።

አፍሮ ጸጉር ጥቁር ከፋይ ፊት ለፊት ብታስቀምጡ ጸጉሩ ይጠፋል፣ ሰውየው መላጣም ጸጉራምም ሳይሆን ከግንባሩ በላይ የሌለ ሰው ይሆናል። ሁለት መንገድ አለ፣ አንደኛው ከኋላ በኩል ከፍ ብሎ ትንሽ መብራት ማስገባት፣ የባትሪ ኤልኢዲም ይበቃል፣ የጸጉሩን ጠርዝ ብቻ ይንካ። ሁለተኛው፣ እኔ የምመርጠው፣ ከፋዩን አንስቶ በግራጫ ጨርቅ መቀየርና በጥላው በኩል ያለው ባክግራውንድ ላይ ትንሽ ብርሃን ማፍሰስ ነው። የበራው ጉንጭ ጨለማው ላይ፣ የጨለመው ጉንጭ ብርሃኑ ላይ ይሆናል። ሹሩባ ግን ሌላ መብራት አይፈልግም፣ ዋናው መብራት ወደጎን ሲሄድ እያንዳንዷ ጉንጉን የራሷን ጥላ ትሠራለች።

በስልክም ይሆናል። የሚያስቸግረው ስልኩ ጎበዝ መሆኑ ነው፣ ጨለማ ሲያይ ናይት ሞድና ኤችዲአር አስገብቶ ጥላችሁን በሙሉ ያበራላችኋል። አጥፉት፣ የበራው ጉንጭ ላይ ተጭናችሁ ፎከሱን ቆልፉና ብርሃኑን በጣት ወደታች ጎትቱ፣ ወይ ፕሮ ሞድ ካለው እሱን ተጠቀሙ። መብራቱ ፍላሽ ሳይሆን ኤልኢዲ ወይ መስኮት መሆን አለበት። መስኮት ስል ሙሉውን አይደለም፣ ብርድ ልብስ ሰቅላችሁ አንድ ክንድ ያህል ስፋት ክፍተት ብቻ ተዉለት፣ ሰውየውን እሱ አጠገብ አስጠጉ፣ ከላይ ስለርቀት ያልኩት ሁሉ እዚህም ይሠራል።

ከመብራቱ ይልቅ የሚያደክመው ሰውየውን ከጉርድ ፎቶ አቀማመጥ ማላቀቅ ነው። እኛ ሀገር ካሜራ ፊት የተቀመጠ ሰው ትከሻውን ቀጥ፣ አገጩን ቀና፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ትንፋሹን ይይዛል። የካናዳው ፎቶ አንሺ ዩሱፍ ካርሽ፣ እንደኛዎቹ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎች እንደ ቦያጂያኖች አርመናዊ ነው፣ በ1941 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ኦታዋ ላይ ቸርችልን ሊያነሳ ሲል ሲጋራቸውን ከአፋቸው ቀምቷቸው በዛ ንዴት ላይ እያሉ ነው የተነሱት፣ ፎቶው እስከዛሬ አለ። እኔ ከአባባ እጅ ምርኩዝ ለመንጠቅ ድፍረቱ የለኝም። የማደርገው ሌላ ነው፣ ፍላሹ በልኩ ከሆነ በኋላ ካሜራውን አስቀምጬ ቡና እናወራለን፣ ጨዋታው ሲሞቅና ሰውየው አንድ ነገር ትዝ ብሎት ዓይኑን ከኔ ላይ ሲያነሳ ያኔ አነሳለሁ። ስለዚ ትራይፖድና ትሪገር (ካሜራውን ከሩቅ የሚያስነሳው) ካላችሁ ከካሜራው ጀርባ ባትቆሙ ይመረጣል።

የቤት ሰዎች ምን ይላሉ? እናቴ የመጀመሪያውን ፎቶ ስታይ "ግማሽ ፊቱን ምን በላው?" አለች፣ አክስቴ ደሞ ሰውየው ታሞ እንደሆነ ጠየቀች። ይሄ ዝም ብሎ አለመልመድ አይመስለኝም። የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችንን አስቡት፣ የቅዱሳኑን ፊት ጥላ አይውጠውም፣ ሁለት ዓይናቸው ሙሉ ይታያል፣ በጎን ባንድ ዓይን የሚሣሉት ክፉዎቹ ናቸው። እንደዚህ እያየ ያደገ ዓይን ግማሽ ፊት ጨለማ ውስጥ ሲያይ ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ስለዚ ለሰርግ፣ ለምረቃ፣ ለግድግዳ የሚሰቀል የቤተሰብ ፎቶ እንዲህ አላነሳም፣ ወይም ካነሳሁ ሁለቱም ዓይን ብርሃን እንዲያገኝ ከፋዩን አነሳና በጥላው በኩል ነጭ ካርቶን አደርጋለሁ፣ ጨለማው ባክግራውንድ ላይ ብቻ ይቀራል፣ ሁሉም ደስ ብሎት ይሄዳል።

ኤዲት ላይ የምለው ብዙ የለኝም። ሮው (ካሜራው ያልነካካው ጥሬ ፋይል) ላይ አንሱ፣ ሃይላይቱ (በጣም የበራው ቦታ) እንዳልተቃጠለ ሂስቶግራሙ (ከጥቁር በግራ እስከ ነጭ በቀኝ የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየው ግራፍ) ላይ አረጋግጡ፣ ጥቁሩ ወደ ግራ ተከምሮ ብታዩት አትደንግጡ መሆን ያለበት እንደዛ ነው። ስክሪናችሁን ብርሃኑን ቀንሱት፣ ማታ ጨለማ ክፍል ውስጥ ሙሉ ብርሃን ባለው ስክሪን ያስተካከላችሁት ፎቶ ጠዋት ሌላ ሰው ስልክ ላይ ጥቁር ድንጋይ ነው። ፎቶ ቤት ወስዳችሁ ስታሳትሙ ደሞ ማሽኑ እንደ ካሜራው ኦቶ ነው፣ ጨለማ ሲያይ በራሱ ያበራና ከፋያችሁን አመድ አድርጎ ይሰጣችኋል፣ ስለዚ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ልጅ ማስተካከያውን አጥፍቶ እንዲያወጣ ንገሩት፣ መጀመሪያ አንድ ትንሿን አሳትሙና በቀን ብርሃን ውጭ ወጥታችሁ እዩት፣ ካንቬሱን ከዛ በኋላ እዘዙ።